ቁጥር የሚወዱ ልጆቻችን ከምርቃት በኋላ ወዴት ይሂዱ?

መግቢያ

ባለፈው ዓመት፣ ከትንሣኤ በዓል በኋላ በነበረው በአንዱ እሑድ፣ ቅዳሴው ተፈጽሞ ምእመናን ወደየቤታቸው ሲበተኑ፣ አንዲት እናት በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «አባ፣ ልጄ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዲግሪው ግን ከሣጥን አልወጣም። ያን ጊዜ ምሕንድስና ይግባ ብለን የመከርነው እኔና እርስዎ ነበርን። አሁንስ ምን እንበለው?» አሉኝ። ቃላቸው የወቀሳ አልነበረም፤ እኔ ግን እንደ ወቀሳ ሰማሁት፤ ሊወቅሱኝም ይገባ ነበር።

ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ገና የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ የ10ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ተውሶ ያነብ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም በቁምስናው አዳራሽ ታናናሾቹን ሰብስቦ ክፍልፋይ ያስተምራቸው ነበር። «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «የሒሳብ መምህር» ብሎ ይመልስ ነበር። እኛ ትልልቆቹ ግን ሳቅንበት። እኔም ራሴ «እንዲህ ያለ አእምሮ በጠመኔ አቧራ አይባክንም» ማለቴን አልረሳውም። ምክራችንን ሰምቶ ምሕንድስና ገባ። በሁለተኛው ዓመት ግን ልቡ ከትምህርቱ ራቀ፤ ትምህርቱ ስለ ከበደው ሳይሆን ፍላጎቱ ሌላ ቦታ ስለ ነበረ። ወደ ሒሳብ ትምህርት ክፍል ሲዛወር አንድ ሙሉ ዓመት ከሰረ። ተመርቆ ሲመለስ ሥራ አጣ፤ በዚህም መካከል ባሕር ማዶ ያለ ዘመዱ «በጂቡቲ በኩል ና» እያለ ይልክበት ጀመር።

ከዚያች እሑድ በኋላ ጉዳዩን በጥሞና ለማጥናት ቆረጥሁ። መምህራንን ጠየቅሁ፤ በደሴና በኮምቦልቻ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠሩ ምእመናንን አነጋገርሁ፤ መጻሕፍትም አገላበጥሁ። ያገኘሁትን ለወላጆች፣ ለወጣቶችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እንዲጠቅም እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ተሰጥዎው ምን ዓይነት ነው?

ብዙዎቻችን «ሒሳብ ይችላል» ስንል አንድ ነገር ብቻ የምንናገር ይመስለናል። ይሁን እንጂ በዚህ ስም የሚጠሩት ችሎታዎች ከአንድ በላይ ናቸው። ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ አባቶቻችን ያቆዩልንን ባሕረ ሐሳብ እንመልከት።

የባሕረ ሐሳብ አሠራር ባጭሩ እንዲህ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው ላይ 1 ሲቀነስ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ የሚተርፈው አበቅቴ ነው፤ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ የሚተርፈው ደግሞ መጥቅዕ ነው። ለምሳሌ የባሕር ዳርና የደሴ ሀገረ ስብከት የተመሠረተበትን 2007 ዓ.ም. እንውሰድ። 2007 እና 5500 ሲደመሩ 7507 ይሆናሉ። ይህ ለ19 ሲካፈል 395 ጊዜ ደርሶ 2 ይተርፋል። ከ2 ላይ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 1 ነው። ስለዚህ አበቅቴው 11፣ መጥቅዑም 19 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። የአጽዋማትና የበዓላት ቀመር በዚህ ላይ ይመሠረታል።

በዚህ ስሌት ፊት አራት ዓይነት ተማሪዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው አሠራሩን አንድ ጊዜ ካየ በኋላ ሳይሳሳትና ሳይሰለች የ100 ዓመት ሰንጠረዥ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው «ለምን 19? ለምንስ 11?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱን ሳያገኝም እንቅልፍ የማይወስደው ነው። እርሱ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት ደግሞ 354 ቀን መሆኑን፣ የሁለቱም ልዩነት 11 መሆኑን ሲያገኝ ይደሰታል። 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር የሚገጣጠሙ መሆናቸውን ሲያውቅ ደግሞ ደስታው እጥፍ ይሆናል። 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑም አበቅቴና መጥቅዕ ምንጊዜም 30 መሙላታቸው የግድ መሆኑን ራሱ ያረጋግጣል። ሦስተኛው «ይህ ስሌት ለምን ይጠቅማል? ጾሙ መቼ ይገባል? ገበሬው ይህን አውቆ ምን ያደርግበታል?» የሚል ነው። አራተኛው ደግሞ የተረዳውን ለሌላው በቀላል ቃል ለማስረዳት የሚቸኩል፣ ባልንጀራው ሲገባው ከራሱ ይልቅ የሚደሰት ነው።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ፣ የሁለተኛው ምርምር፣ የሦስተኛው ተግባር፣ የአራተኛው ማስተማር ነው። በአንድ ሰው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሊገናኙ ይችላሉ፤ አንዱ ግን ዘወትር ይበልጣል። የሙያ ምርጫ መጀመሪያ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት ነው። እኔ በዚያ ልጅ ላይ የሠራሁት ስሕተት ይህ ነበር። አራተኛው መሆኑን በየቅዳሜው በዓይኔ እያየሁ፣ ሦስተኛው እንዲሆን መከርሁት።

ስሕተቱ የእኔ ብቻ እንዳልነበረ ለማስታወስ ያህል፣ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚገቡት 100 ተማሪዎች 70ዎቹ በሳይንስና በቴክኖሎጂ መስኮች እንዲመደቡ የሚያዝ መመሪያ ነበረ። በየቤቱም ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ወይ ሐኪም ወይ መሐንዲስ ይሁን የሚል አስተሳሰብ ሰፈነ። መሐንዲስ መሆን መልካም ነው፤ ሁሉም መሐንዲስ ይሁን ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

2. ለቁጥር ሰው የተከፈቱ ሙያዎች

ሀ. ማስተማር

ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚጠቀሰውን እኔ አስቀድሜዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩም ዓመት 3.2 ከመቶ። በዚያው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር፣ ደሴና ኮምቦልቻ የጦርነት ሜዳ እንደ ነበሩ፣ ትምህርት ቤቶችም እንደ ተዘጉና እንደ ተዘረፉ ሁላችንም እናስታውሳለን። እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ምክንያት አላቸው፤ ሒሳብን በልቡ የሚወድ መምህር ማነሱ ግን አንዱ መሆኑን ማንም አይክድም።

ወሎ የመምህር ችግር ያልነበረባት፣ ይልቁንም ለመምህር ክብር የምትሰጥ አገር ናት። በቦሩ ሜዳ ያስተማሩት መምህር አካለ ወልድ ዛሬ በደሴ በስማቸው ትምህርት ቤት የተሰየመላቸው በሀብታቸው አይደለም፤ በወንበራቸው ነው። የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤትም ስሙ የገነነው ከግንቡ ይልቅ በዚያ ባስተማሩትና በተማሩት ነው። በቤተ ክርስቲያናችንም በኩል ቢታይ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጅማሬ የሆነው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር፣ መሪው ኢየሱሳዊው ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ።

የመምህር ደመወዝ ትንሽ መሆኑን አልሸሽግም። ወጣቱ ይህን አውቆና ቆጥሮ ይግባበት። ነገር ግን የሒሳብ መምህር ትርፍ ሰዓቱን በማስጠናት፣ በክረምት ሁለተኛ ዲግሪ በመማር፣ መጻሕፍት በማዘጋጀት ኑሮውን የሚደግፍበት መንገድ ከሌሎች መምህራን የሰፋ ነው።

ለ. ስታቲስቲክስና የምጣኔ ሀብት ጥናት

በዚህ ክፍል ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ የራሳችን ታሪክ ነውና። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ የስንቱን ቤት እንደ ዘጋ ሽማግሌዎቻችን ይናገራሉ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው «ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሕዝብ አለቀ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ግን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናቱም ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። በጠቅላላው በኢትዮጵያ የነበረው የእህል መጠን በእጅጉ አልቀነሰም ነበር። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው ብዙ አልራቀም። እንዲያውም በዚያ ክፉ ቀን ከወሎ ወጥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች የሄደ እህል ነበር።

ታዲያ ሰው ለምን ሞተ? የሴን መልስ፣ የወሎ ገበሬና የአፋር አርብቶ አደር እህሉን የሚያገኙበት ኃይል ስላጡ ነው የሚል ነው። ገበሬው አዝመራው ሲጠፋ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ። አርብቶ አደሩም ከብቱ ሞተበት፤ የተረፈውን ሲሸጥም የከብት ዋጋ ወደቀ። ነገሩን በቀላል ምሳሌ ለመረዳት፣ ቀድሞ አንድ በሬ 6 ኩንታል እህል ይገዛ ነበር እንበል። የእህሉ ዋጋ ሳይለወጥ የበሬው ዋጋ ወደ ሲሶ ቢወርድ፣ ባለ በሬው የሚያገኘው 2 ኩንታል ነው። የገበያውን የእህል ዋጋ ብቻ የሚመለከት ሹም «ዋጋ አልጨመረም፤ ችግር የለም» ይላል፤ በሬ ለእህል እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሰላ ሰው ግን ረሃቡን ከሩቅ ያየዋል።

በዚህ ዓይነት ማስጠንቀቅ የሚችል ሰው ስንት ነፍስ ያድናል? አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1998 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ ከሥራዎቹ አንዱ ይህ የወሎ ጥናት መሆኑን የእኛ ልጆች ሊያውቁ ይገባል። የደሴንና የኮምቦልቻን፣ የባቲንና የሐይቅን ገበያ ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው የእኛ ልጅ ይህን ሙያ ቢይዝ ምንኛ መልካም ነበር! ዋጋ የሚመዘግቡ፣ ናሙና የሚያወጡ፣ የዕርዳታ እህል ለስንት አባወራ እንደሚደርስ የሚያሰሉ ሰዎች በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት፣ በግብርናና በጤና ቢሮዎች፣ በዕርዳታ ድርጅቶችም ያስፈልጋሉ።

ሐ. ፋብሪካና የጥራት ቁጥጥር

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራው፣ የብረቱ ፋብሪካ ከዚያ ይገኛል፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ተመርቋል። ብዙ ወጣቶች የሒሳብ ሰው በቢራ ፋብሪካ ምን ይሠራል ብለው ይገረማሉ። ዛሬ በመላው ዓለም በስታቲስቲክስ ትምህርት ከሚሰጡት መሠረታዊ ስልቶች አንዱ የተገኘው በቢራ ፋብሪካ ነው። ዊልያም ጎሴት የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1899 በደብሊን በሚገኘው በጊነስ የቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። በእጁ ያለው የገብስ ናሙና ጥቂት ስለ ነበረ፣ «ከጥቂት ናሙና ስለ ብዙው ምን ያህል በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ ለዓመታት አሰበ። መልሱንም እ.ኤ.አ. በ1908 «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም አሳተመ።

ከዚህ የምንማረው፣ መልካም ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭም እንደሚገኝ ነው። ከመጣው ክር ወይም ገብስ ስንቱን ብንመረምር ይበቃል? ማሽኑ የሚያበላሸው በዕድል ነው ወይስ ጉድለት ኖሮበት? ይህን የሚመልስ ሰው ለፋብሪካው ገንዘብ፣ ለሠራተኛው እንጀራ ያተርፋል።

መ. የሒሳብ መዝገብ፣ ባንክና ኢንሹራንስ

የመጀመሪያው ዓይነት፣ ማለትም ጠንቃቃው፣ በዚህ ቦታ ያማረ ነው። የሒሳብ አያያዝን ሁለት ወገን ያለው መዝገብ አስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ በታተመ መጽሐፍ ያስተማረው ፍራንቸስካዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ ነው። ገንዘብን በሐቅ መቁጠር የቅዱስ ፍራንቸስኮስን ልጅ አላሳፈረውም፤ እኛንም ሊያሳፍረን አይገባም። ስንት ዕድርና ስንት የኅብረት ሥራ ማኅበር በመዝገብ ጉድለት ፈርሷል!

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው፣ በአገራችን ግን ባለሙያው እጅግ ጥቂት የሆነው፣ የኢንሹራንስን አደጋና ክፍያ የሚያሰላው የአክቹዋሪ ሙያ ነው። በትግራይ አዲ ሓ በምትባል መንደር በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የዝናብ ኢንሹራንስ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። በዚያ አሠራር ገበሬው የሚካሰው የየማሳው ጉዳት እየታየ ሳይሆን፣ የዝናቡ ልኬት ከተወሰነው መጠን ሲያንስ ነበር። ያ መጠን የቱ ይሁን፣ ክፍያውስ ስንት ይሁን የሚለውን የሚወስነው የሒሳብ ሰው ነው። ስሌቱ ከተሳሳተ ወይ ገበሬው በችግሩ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል፣ ወይ ድርጅቱ ይከስራል።

ሠ. ምድርን የሚለኩ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል የወረደ ሰው፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ማለቱን በጆሮው ያውቀዋል። ከተሞቻችን በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ደሴ በጦሳ ግርጌ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ናት። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ እንዲደርስ በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የባቡር ሐዲድም ተራራ እየበሳ ማለፍ ነበረበት። ቀያሹ፣ መሐንዲሱና የምድር ተመራማሪው ሁሉ ቁጥር ይዘው የሚሠሩ ናቸው።

በዚህ መስክ ስማቸው ሊነሣ የሚገባ ካህን አሉ። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ የምድርን መግነጢስና ንቅናቄ የሚለካ ጣቢያ አቋቋሙ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ ወደ ደሴ የሚያልፈውም አውራ ጎዳና ተጎዳ። አባ ጉዋን ይህንና ሌሎቹን መንቀጥቀጦች በመሣሪያ እየለኩ፣ የጥንቱንም ከዜና መዋዕሎችና ከመንገደኞች ጽሑፍ እየሰበሰቡ፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘ ታላቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተሙ። በ2017 ዓ.ም. በአፋርና በምሥራቅ ሸዋ በፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትናወጥና ሕዝብ ከቀዬው ሲነሣ፣ ሁሉም ጆሮውን የሰጠው እርሳቸው የጀመሩትን ሥራ ለያዙት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ነበር። አንድ ሰው በጸጥታ የዘራው ቁጥር ከ60 ዓመት በኋላ ፍሬ ሰጠ።

ረ. ኮምፒዩተርና ምርምር

የኮምፒዩተር ሥራ ዛሬ በወጣቶች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ስለሆነ ብዙ መናገር አያሻም። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። ሥር የሆነው ሒሳቡ ነው፤ የኮምፒዩተር ቋንቋ ይለዋወጣል፣ ሒሳቡ ግን አይለወጥም። በአዲስ አበባ ተወልዳ በናዝሬት ትምህርት ቤት የተማረችው ረድኤት አበበ በሃርቫርድና በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ሒሳብ አጥንታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክተርነት ማዕርግ አግኝታለች። ምርምሯም ስሌትን ለድኾችና ለተገፉ ሰዎች ጥቅም ማዋልን የሚመለከት ነው።

ለንጹሕ ምርምር የተጠራ ወጣት ካለም ተስፋ አይቁረጥ። እ.ኤ.አ. በ2003 በደቡብ አፍሪካ የተመሠረተውና በሩዋንዳ፣ በጋና፣ በሴኔጋልና በካሜሩን ቅርንጫፍ የከፈተው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ለአፍሪካውያን ወጣቶች ነጻ የትምህርት ዕድል ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከአገራችንም ሄደው የተማሩ አሉ።

3. ምርጫው እንዴት ይደረግ?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበና አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ስለሚያሰላ ሰው ያስተምራል። የሙያ ምርጫም እንዲሁ ተቀምጦ ማስላትን ይጠይቃል። ለተመራቂው አራት ጥያቄዎች አቀርብለታለሁ።

አንደኛ፣ ማንም ሳያዝህ፣ ገንዘብም ሳይከፈልህ ደጋግመህ የምትሠራው የትኛውን ነው? ጥንቃቄውን፣ ምርምሩን፣ ተግባሩን ወይስ ማስተማሩን? መልሱን በሐሳብህ ሳይሆን ባለፈው ወር ባሳለፍኸው ጊዜ ፈልገው።

ሁለተኛ፣ በሒሳብ ዲግሪህ ላይ የትኛውን መሣሪያ ትጨምራለህ? ቀጣሪ ብዙ ጊዜ «ሒሳብ አውቃለሁ» የሚለውን ሰው ምን ላሠራው ብሎ ያመነታል። ስታቲስቲክስ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወይም የሒሳብ አያያዝ፣ ከሦስቱ አንዱ ሲጨመር ግን በሩ ይከፈታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ስለ ተደረገም፣ ዝግጅቱን ወደ መጨረሻው ወር ማቆየት አይገባም።

ሦስተኛ፣ ቤተ ሰቦችህ ከአንተ ምን ይጠብቃሉ? ታናናሾችህን የማስተማር ዕዳ ካለብህ፣ ይህም የስሌቱ ክፍል ነው፤ ኃጢአት አይደለም። ለሁለት ዓመት በሚገኘው ሥራ እየሠሩ ለሚወዱት መዘጋጀት ጥሪን መካድ አይደለም።

አራተኛ፣ የሰማኸው ወሬ ከየትኛው ናሙና የተወሰደ ነው? ይህን ጥያቄ በተለይ ስለ ስደት አነሣዋለሁ። ከአንድ መንደር 10 ወጣቶች በበረሃና በባሕር ተጉዘው፣ ከእነርሱም 2 ገንዘብ ላኩ እንበል። መንደሩ የሚያየው የሁለቱን ቆርቆሮ ቤት ነው። በመንገድ የቀረው፣ በእስር ያለው፣ ታሞ በሌሊት የተመለሰው ቤት አልሠራምና አይቆጠርም። «የሄደ ሁሉ አለፈለት» የሚለው ንግግር ከሁለቱ ብቻ የተወሰደ ስሌት ነው። የሒሳብ ተማሪ እንዲህ ያለውን ናሙና በፈተና ወረቀት ላይ ቢያገኘው «የተዛባ» ብሎ ይጽፍበታል፤ በገዛ ሕይወቱ ላይ ሲሆን ለምን ዝም ይላል?

4. ለወላጆችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ መክሊቶቹ ስናስተምር፣ ዘወትር የምንወቅሰው የቀበረውን ሎሌ ነው። እኔ ግን ከዚያች እሑድ ወዲህ ሌላ ነገር አስባለሁ። የሌላውን መክሊት በገዛ እጁ የሚቀብርለትስ? ወላጅና ካህን በቀና ልብ ይህን ሊያደርጉ ይችላሉ።

ስለዚህ ልጁ ምን እንደሚወድ ከመጠየቅ በፊት ምን ሲያደርግ እንደሚውል እንመልከት። በየቁምስናው ያለው የሰንበት ትምህርት መምህር ይህን ለማየት ከማንም የተሻለ ስፍራ አለው፤ ማን እንደሚያስረዳ፣ ማን እንደሚጠይቅ፣ ማን መዝገቡን በንጽሕና እንደሚይዝ ያውቃልና።

ሴቶች ልጆቻችንንም አንርሳ። «ሒሳብ ለወንድ ነው» የሚለው አባባል ከልማድ በቀር መሠረት የለውም። በሚላኖ የተወለደችው ማሪያ ጋኤታና አኜሲ እ.ኤ.አ. በ1748 ለወጣቶች ማስተማሪያ የሚሆን ታላቅ የሒሳብ መጽሐፍ አሳተመች። በ1750ም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህርነት ሰየሟት። እርስዋ ግን የቀረውን ሕይወቷን በ1799 እስክታርፍ ድረስ ለድኾችና ለሕሙማን ሰጠች። ለክህነት የተጠራውም ቢሆን ቁጥሩን ጥሎ እንዲመጣ አይገደድም። የዩኒቨርስን መስፋት እ.ኤ.አ. በ1927 በስሌት ያሳየው ቤልጅጋዊው ዦርዥ ለሜትር ካህን ነበር።

መደምደሚያ

ከዚያ በኋላ ወጣቱን ጠርቼ አንድ ደብተር ይዘን ተቀመጥን። በመጀመሪያ፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ የሰጠሁህ ምክር ልክ አልነበረም» አልሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «አባ፣ እኔም አምቢ አላልሁም» አለኝ። አራቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጻፍናቸው፤ የመንገዱን ወጪ፣ የደላላውን ክፍያ፣ የመምህሩን ደመወዝ፣ የታናሽ እኅቱን የትምህርት ወጪ ሁሉ በቁጥር አሰፈርን። ውሳኔውን ግን ለእርሱ ተውሁለት፤ በዚህ ጊዜ ዝም ማለትን ተምሬአለሁና።

ዛሬ በአንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ በትርፍ ሰዓቱም ስታቲስቲክስ ያጠናል። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ እናቱም አሁንም «ምነው ከዚህ የተሻለ በተገኘ» ይላሉ። ከእርሳቸው ጋር አልከራከርም። ነገር ግን ባለፈው ጊዜ ሲመጣ፣ ከተማሪዎቹ አንዲት ልጅ እርሱ ያላሰበውን አፈታት በሰሌዳው ላይ ሠርታ እንዳሳየችው ሲነግረኝ፣ ፊቱ የዚያ የ8ኛ ክፍል ልጅ ፊት ነበር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ካሉት ወጣቶች የሒሳብ ተሰጥዎ ያላቸው እነማን ናቸው? ከአራቱ ዓይነት የትኞቹ ይመስሉናል?
2. ልጆቻችንን ስንመክር የራሳችንን ያልተፈጸመ ምኞት ከእነርሱ ጥሪ የምንለየው እንዴት ነው?
3. ስለ ስደት በመንደራችን የሚነገረው ወሬ እነማንን ይቆጥራል? እነማንንስ ይረሳል?
4. በቁምስናው አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ የሚያስጠኑ ተመራቂዎችን ማሰማራት እንችላለን? ማን ይጀምር?